ለእንግሊዝ ኢቲኤ የሚሆን ፎቶ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ለንደን ወይም ማንችስተር ለመሄድ ትኬት ቆርጣችሁ፣ አሁን ስልክ ይዛችሁ ባዶ ግድግዳ ለምትፈልጉ ሁሉ።

ኢቲኤ ምንድን ነው? እኔን ይመለከተኛል?

ኢቲኤ ለአጭር ጉብኝት እንግሊዝ ሲገቡ ቪዛ የማይጠየቁ ሰዎች ከመሳፈራቸው በፊት በኦንላይን የሚያወጡት የጉዞ ፈቃድ ነው። የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የአውስትራሊያና የእስራኤል ፓስፖርት ላላቸው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 8 ቀን 2025 ግዴታ ሆነ። የስዊድን፣ የጀርመን፣ የጣሊያንና የሌሎች የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት የያዙት ደግሞ ኤፕሪል 2 ቀን 2025 ተከተሉ። አንዴ ከተፈቀደ ለ2 ዓመት ያገለግላል። ፓስፖርታችሁ ቀድሞ ካለቀ ግን ኢቲኤውም አብሮት ያበቃል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው የሚያስፈልገው ቪዛ ነው እንጂ ኢቲኤ አይደለም። ዱባይ ወይም ሪያድ መኖሩም ነገሩን አይለውጠውም፤ የሚታየው ዜግነት ነው። ለቪዛ ደግሞ ፎቶውን የሚያነሷችሁ አሻራ በምትሰጡበት ማዕከል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ለዘመድ ማስተላለፍ ትችላላችሁ፣ ለራሳችሁ ግን አይጠቅማችሁም።

ፎቶ ቤት ሄጄ ጉርድ ፎቶ መነሳት አለብኝ?

የለባችሁም። ስልካችሁ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚያመለክተው ዩኬ ኢቲኤ በሚባለው አፕ ነው። አፑ የፓስፖርታችሁን ገጽ ፎቶ ያነሳል፣ ፓስፖርቱ ውስጥ ያለውን መረጃ የያዘ ቺፕ ያነባል፣ ፊታችሁን ስካን ያደርጋል፣ ከዚያ ፎቶ ያነሳችኋል። ሁሉም እዚያው በዚያው የሚደረግ ስለሆነ የታጠበ ጉርድ ፎቶ ይዞ መቅረብ ትርጉም የለውም።

በእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ (ጎቭ ዶት ዩኬ) በኩል የሚያመለክት ግን ፎቶውን በፋይል ይጭናል። እሱም ቢሆን በስልክ ሊነሳ ይችላል። ጉርድ ፎቶ ላይ ካሜራ ደግኖ ማንሳት፣ ወይም ፓስፖርት ላይ ያለውን ፎቶ መልሶ ፎቶ ማንሳት ግን አይሆንም። አዲስና በቀጥታ ከፊታችሁ የተነሳ መሆን አለበት።

የት ቆሜ ልነሳ?

መጀመሪያ መስኮት ፈልጉ፣ ግድግዳውን ከዚያ በኋላ። ብዙዎቻችን በተቃራኒው ነው የምናደርገው። ጥሩ ነጭ ግድግዳ እናገኝና ከአናታችን ላይ ያለው አምፖል ዐይናችን ሥር ጥላ ሲጥል ልብ አንልም።

ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙሩ። ፎቶ የሚያነሳችሁ ሰው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ይቁም። ከኋላችሁ ያለው ግድግዳ ነጣ ያለና ምንም የሌለበት ይሁን፤ ክሬምም ይሆናል፣ ቀለል ያለ ግራጫም ይሆናል። ሥዕል፣ የበር ጠርዝ፣ መጋረጃ፣ የማብሪያ ማጥፊያ አይግባ። ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ፊት ውጡ። ግድግዳውን ተደግፋችሁ ከቆማችሁ ጥላችሁ ከጆሯችሁ ጎን ይለጠፋል፤ ፎቶ ከሚያስመልሱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ሰዓቱም ልዩነት አለው። ጠዋት ረፋዱ ላይ ወይም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት ምርጥ ነው። ፀሐዩ ፊት ላይ በቀጥታ ካረፈ ግማሽ ፊት ያበራል፣ ግማሹ ይጨልማል። ስስ መጋረጃ ብትጋርዱበት ይለሰልሳል። በክረምት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ለሚመሽባችሁ የስቶክሆልም ሰዎች አዝናለሁ፤ ቅዳሜን ጠብቁ።

ግድግዳው ነጭ ሲሆን ፊቴ ይጨልማል። ለምን?

ጥፋቱ የካሜራው ነው። ስልክ የብርሃኑን መጠን የሚወስነው ፊታችሁን ብቻ አይቶ ሳይሆን የምስሉን አጠቃላይ ድምቀት አይቶ ነው። ከኋላችሁ ሰፊ ነጭ ነገር ሲያይ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ሁሉንም ያደበዝዛል። ጠቆር ያለ ፊት ደግሞ በዚህ በጣም ይጎዳል፤ ዐይን፣ የአፍንጫ ጠርዝና ከንፈር ተዋሕደው ይጠፋሉ። ከዚያ ማሽኑ «ምስሉ ግልጽ አይደለም» ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በተራው ካሜራ ስትነሱ ስክሪኑ ላይ ፊታችሁ ያለበትን ቦታ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። አብዛኞቹ ስልኮች ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ይመጣል። እሱን ወደ ላይ ግፉት። ግድግዳው ትንሽ ቢነጣም ግድ የለም፤ ፊታችሁ ይታይ። አፑ ውስጥ ስትነሱ ግን ይህ ላይሠራ ስለሚችል ከመስኮት የሚመጣው ብርሃን የግድ ነው። ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ፎጣ ደረት ሥር አድርጎ መያዝም አገጭን ያበራል። ከምስሉ ውጪ እስከሆነ ድረስ ማንም አያውቅባችሁም።

ይህ የምናብ ችግር እንዳይመስላችሁ። ቢቢሲ በ2020 የእንግሊዝን የኦንላይን ፓስፖርት ፎቶ መመርመሪያ ፈትሾ ነበር። ጥቁር ቆዳ ካላቸው ሴቶች ፎቶ 22 በመቶው «ጥራት የለውም» ተብሏል። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ቁጥሩ 14 በመቶ ነበር። ለወንዶቹ 15 እና 9 በመቶ። አፏን ዘግታ «አፍሽ ክፍት ይመስላል» የተባለች ተማሪም ነበረች። ያ የፓስፖርት ሥርዓት እንጂ ኢቲኤ አይደለም፤ ነገር ግን ማሽን ሲመልሳችሁ መጀመሪያ ብርሃኑን ጠርጥሩ፣ ፊታችሁን አይደለም።

ሴልፊ ይሆናል?

ሌላ ሰው ቢያነሳችሁ ይሻላል። ክንድ የሚደርስበት ርቀት ቅርብ ነው። ከቅርብ ሲነሳ አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ፎቶ ግን ከራቅ ያለ ቦታ የተነሳ ነው፤ ሁለቱ ሲነጻጸሩ የተለያየ ሰው ይመስላሉ።

አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ ስልኩን በዐይናችሁ ልክ ይዞ የሚያነሳ ሰው ፈልጉ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ስልኩን መጻሕፍት ላይ አቁማችሁ ሰዓት ቆጣሪውን ሙሉ። የኋላው ካሜራ ከፊተኛው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ጭንቅላት፣ ትከሻና የደረት መጀመሪያ ይታይ፤ ከአናት በላይ ትንሽ ክፍት ቦታ ይተው።

ምን ልልበስ? ነጠላ፣ ሻሽ፣ ሒጃብስ?

ከግድግዳው የሚለይ ቀለም ያለው ልብስ። ነጭ ቲሸርት በነጭ ግድግዳ ላይ አንገት ብቻ የሚንሳፈፍ ያስመስላል።

ለሃይማኖት ወይም ለሕክምና ሲባል የሚደረግ የራስ መሸፈኛ ይፈቀዳል። ሒጃብም፣ ሁልጊዜ የምትለብሱት የራስ ሻሽም ይሆናል። ከግንባር እስከ አገጭ ፊት ሙሉ በሙሉ ይታይ፣ ጨርቁም ፊት ላይ ጥላ አይጣል። ነጠላን እንደ ቤተ ክርስቲያን አገጭ ድረስ ማጣፋት አይሆንም፤ ትከሻ ላይ ቢወርድ ይሻላል፣ ነጭ ስለሆነ ግን እዚያም ከነጭ ግድግዳ ጋር ይዋሐዳል። ኮፍያና ለጌጥ የሚደረግ ነገር ሁሉ ይውለቅ። ሹሩባ፣ አፍሮ፣ ድሬድ ችግር የለውም። ዐይን ላይ የሚወርደውን ብቻ ወደ ኋላ መልሱት።

መነጽርና ሜካፕስ?

መነጽር አውልቁ። አንዳንድ ደንብ ይፈቅዳል፣ ነገር ግን መስታወቱ ላይ መብራት ካንጸባረቀ ወይም ጠርዙ ዐይን ከነካ ይመለሳል። ለአንድ ደቂቃ ብታወልቁት ምን ይጎዳችኋል? ሜካፕ የሁልጊዜውን ያህል ከሆነ ይሁን፤ የሰርጉን ዕለት ሜካፕ ተዉት። የሚያብለጨልጭ ዱቄት ብርሃን ይመልሳል።

ልሳቅ ወይስ ልኮሳተር?

አፍ ተዘግቶ፣ ዐይን ተከፍቶ፣ ፊት ረጋ ብሎ። በጉርድ ፎቶ መኮሳተር ለእኛ አዲስ ስላልሆነ እዚህ ላይ ማንም አይበልጠንም። ቅንድብ አታኮማትሩ፣ አገጭም አታንሱ።

የሕፃን ልጄን ፎቶ እንዴት ላንሳ?

መጀመሪያ ልብ በሉ፤ ሕፃንም ቢሆን የራሱ ኢቲኤና የራሱ ክፍያ አለው። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አፑ ላይ የፊት ስካን አይጠየቁም። ፎቶ ግን ያስፈልጋቸዋል።

ቁጭ ማለት የማይችል ሕፃን ከሆነ አልጋ ላይ ያልተጨማደደ ነጭ አንሶላ አንጥፉና በጀርባው አስተኙት። ከላይ ሆናችሁ አንሱት። የራሳችሁ ጥላ እንዳያርፍበት አልጋውን ወደ መስኮት አስጠጉ። ጡጦ፣ የእናት ልብስ ጫፍ፣ አሻንጉሊት ከምስሉ ይውጣ። የእንግሊዝ ፓስፖርት ፎቶ ደንብ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ዐይን መከፈቱን አያስገድድም። ጭንቅላቱን በእጅ መደገፍም ይፈቅዳል፣ እጁ እስካልታየ ድረስ። ከ6 ዓመት በታች ያሉት ደግሞ ካሜራውን በቀጥታ ካላዩ ወይም ፈገግ ካሉ አይጨነቅም። እኔ ግን ዐይኑ የተከፈተ ፎቶ እስካገኝ ድረስ 30 ጊዜ ባነሳ እመርጣለሁ። ከጠባ በኋላ ያለችው ሩብ ሰዓት ወርቅ ናት።

ለዲቪ የተነሳሁት ፎቶ አለኝ። እሱን ብጭነውስ?

ከ3 ወር በላይ የቆየ ከሆነ አይሆንም። ለኢቲኤ የሚጫን ፎቶ ባለፉት 3 ወራት ውስጥ የተነሳ መሆን አለበት። የአሜሪካው ደንብ 6 ወር ይላልና ሰው በዚያ ይሳሳታል።

ቅርጹም ይለያል። የዲቪ ፎቶ አራት ማዕዘኑ እኩል ነው፣ በተለምዶ 600 በ600 ፒክስል፤ ፋይሉም ከ240 ኪሎ ባይት አይበልጥም። ለዚያ ብለው ያሳነሱትን ፎቶ እዚህ መጫን ጥራቱን ከወዲሁ ገድሎ መምጣት ነው። አዲስ አንሱ፤ 5 ደቂቃ አይፈጅም።

ፎቶ ቤት ውስጥ «ትንሽ አጽድተው» ሰጡኝ። ችግር አለው?

አለው። ቆዳ ማንጣት፣ ብጉር ማጥፋት፣ ከኋላ ያለውን ቆርጦ ነጭ መለጠፍ፣ ፊት ማጥበብ ሁሉ ፎቶን መለወጥ ነው። ደንቡ ያልተነካ ፎቶ ይላል። ከኋላ ያለውን ነገር በአፕ ቆርጣችሁ ስታወጡ የጸጉር ጠርዝ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፤ ያፈጠጠ ምልክት ነው።

ባለሙያ ሳይነካውም ሊለወጥ ይችላል። ብዙ ስልኮች፣ በተለይ በፊተኛው ካሜራ፣ ማሳመሪያውን ራሳቸው ከፍተው ይጠብቋችኋል። አንዴ የአክስቴን ፎቶ አንስቼ ሳየው ግንባሯ ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት ደብዝዞ ጠፍቷል። ስልኩ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ አለስልሶታል። ንቅሳት፣ ጠባሳ፣ ማድያት፣ ጥቁር ነጥብ ሁሉ የፊታችሁ አካል ነው፤ ፓስፖርታችሁ ላይም አለ። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የካሜራውን ሴቲንግ ከፍታችሁ ማሳመሪያውን አጥፉ። ፖርትሬት የሚባለውንም አትጠቀሙ፤ ጆሮና ጸጉር ያደበዝዛል።

ፎቶውን በዋትስአፕ ላኩልኝ። ስጭነው «ጥራት የለውም» አለኝ።

ዋትስአፕና ቴሌግራም ፎቶ ሲልኩ ይጨምቁታል። ስልክ ላይ ደህና ይመስላል፣ ዝርዝሩ ግን ጠፍቷል። ላኪው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ወይም ዶክመንት ብሎ ይላክላችሁ። ኢሜይልም ጥሩ ነው። ስክሪንሾት ፈጽሞ አትጠቀሙ።

ሌላው ነገር የአይፎን ነው። አይፎን ፎቶን ሄይክ በሚባል ፎርማት ያስቀምጣል፤ ገጹ የሚፈልገው ጄፔግ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ፣ ከዚያ ሞስት ኮምፓቲብል የሚለውን ምረጡና እንደገና ተነሱ። የፋይሉን ስም ብቻ መቀየር አይሠራም።

የፓስፖርቴን ገጽ ሳነሳ ያንጸባርቃል። ምን ላድርግ?

የፊቱ ፎቶ አልፎ እዚህ ላይ የሚቆም ሰው ብዙ ነው። የፓስፖርት ገጽ የሚያብለጨልጭ ነገር አለው፤ ፍላሽ ሲያገኘው ነጭ ይሆናል። ፍላሹን አጥፉ። ፓስፖርቱን ከሽፋኑ አውጥታችሁ ጠቆር ያለ ጠረጴዛ ላይ፣ ከመስኮት ጎን አስቀምጡት። ነጸብራቁ ካልጠፋ ፓስፖርቱን ትንሽ አዙሩት፣ ወይም እናንተ ጥላ ሁኑበት።

አራቱም ጠርዝ ይታይ። ከታች ያሉት ሁለት መስመሮች፣ እነዚያ በፊደል፣ በቁጥርና በቀስት የተሞሉት፣ አንዷም ፊደል ሳትጠፋ መነበብ አለባቸው። አውራ ጣት እዚያ ላይ ማሳረፍ የተለመደ ስህተት ነው። ፎቶ ኮፒ አይቀበሉም።

ቺፑን አላነብ አለኝ፤ የፊት ስካኑም ይመላለሳል።

ለቺፑ የስልኩን ሽፋን አውልቁ። አይፎን የሚያነበው በአናቱ በኩል ነው፤ አንድሮይድ ብዙ ጊዜ በጀርባው መሐል። አንድሮይድ ላይ ኤንኤፍሲ፣ ማለትም ስልኩ ቺፕ የሚያነብበት ነገር፣ መከፈቱን እዩ። ቺፑ ያለበት ቦታ እንደ ፓስፖርቱ ይለያያል። አንዳንዱ የፊት ሽፋን ላይ፣ አንዳንዱ የኋላው ላይ፣ አንዳንዱ ፎቶው ያለበት ገጽ ውስጥ ነው። ስልኩን አስጠግታችሁ ሳታንቀሳቅሱ ቆዩ፤ ካልሆነ ቦታ ቀይሩ።

የፊት ስካኑ ከፎቶው ይለያል። ካሜራው ፊት ያለው በሕይወት ያለ ሰው ነው ወይስ ምስል የሚለውን ነው የሚያረጋግጠው። ሌንሱን በልብሳችሁ ጥረጉት፣ የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አድርጉ፣ ስልኩን በዐይን ልክ ያዙ። ከኋላችሁ መስኮት ካለ ዞር በሉ።

እናቴ ሌላ ከተማ ናት። ፎቶዋን ልካልኝ እኔ ልሙላላት?

ትችላላችሁ፣ በአፑ ግን አይደለም። በአፑ ለሌላ ሰው ማመልከት የሚቻለው ሰውየው አጠገባችሁ ካለ ነው፤ ፊቱን ስካን ታደርጋላችሁና። እሷ ሚኒያፖሊስ፣ እናንተ ዋሽንግተን ከሆናችሁ በድረ ገጹ በኩል ሙሉላት። የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ፎቶ ነው፣ የፊቷና የፓስፖርቷ ገጽ፣ ሁለቱም በፋይል መልክ። አጠገቧ ያለ የጎረቤት ልጅ ያንሳላት። «ግድግዳ፣ መስኮት፣ ያለ ፍላሽ» ብላችሁ በስልክ ንገሩት።

ፓስፖርቴ ላይ ያለሁት ሌላ ሰው ነው የምመስለው። ይከለክሉኛል?

የአሜሪካ ፓስፖርት ለአዋቂ 10 ዓመት ያገለግላል። በ10 ዓመት ውስጥ ጺም ይመጣል፣ ጸጉር ይሄዳል፣ ኪሎ ይጨምራል። ይህ ይጠበቃል። ማሽኑ በዋናነት የሚያየው ከጺምና ከጸጉር ይልቅ ዐይን፣ አፍንጫና አፍ ያሉበትን ቦታና ርቀት ነው። የድሮውን ፎቶ ለመምሰል ጺም መላጨት ወይም የዚያን ዘመን አቆራረጥ መቆረጥ አያስፈልግም። በምትጓዙበት ፊት ተነሱ።

በ3 ወሩ ፓስፖርት የወጣለት ልጅ አሁን 4 ዓመቱ ከሆነም ፓስፖርቱ እስካላለቀ ድረስ ይሠራል። በጣም የተለወጠ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ከባድ የፊት ቀዶ ሕክምና፣ ፓስፖርቱን ማሳደስ ያዋጣል። ግን አስተውሉ፦ ኢቲኤ ከፓስፖርቱ ጋር የታሰረ ነው። አዲስ ፓስፖርት ካወጣችሁ አዲስ ኢቲኤ ትጠየቃላችሁ። ስለዚህ ማሳደሱ ይቅደም።

ፎቶው አልሆነም ብለው መለሱት። ገንዘቤስ?

የከፈላችሁት አይመለስም። ሲጀመር 10 ፓውንድ ነበር፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2025 ወደ 16 ከፍ አለ። ከመክፈላችሁ በፊት የዕለቱን ዋጋ ገጹ ላይ እዩ። በ16 ብናሰላው 5 ሰው ያለው ቤተሰብ 80 ፓውንድ ነው። ለዚህ ነው ክፍያው ጋር ከመድረሳችሁ በፊት ፎቶውን አስፍታችሁ ሽፋሽፍታችሁ ተለይቶ መታየቱን ማየት ያለባችሁ።

መልሱን ስታነቡ ሁለት ነገር ለዩ። ማመልከቻው ውድቅ ሆኖ ምክንያቱ ከተነገራችሁ፣ ያንን አስተካክላችሁ እንደገና ታመለክታላችሁ። ኢቲኤው ጭራሽ ከተከለከላችሁ ግን ይግባኝ የለውም፤ የሚቀረው መንገድ ቪዛ ነው። መልስ አብዛኛውን ጊዜ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ በኢሜይል ይመጣል። ዘገየ ብላችሁ ሁለተኛ ማመልከቻ አትላኩ፤ መጀመሪያ ስፓም የሚገባበትን ሳጥን ክፈቱ። «ፎቶዎን እናስተካክልልዎታለን» እያለ እጥፍ የሚያስከፍል ገጽ ከገጠማችሁ ደግሞ አድራሻውን አንብቡ። የመንግሥቱ ገጽ ጎቭ ዶት ዩኬ ነው፤ ሌላው ሁሉ ደላላ ነው።